የሕፃናት ነርስ ደመወዝና የእድገት መሰላል፤ ከልዕልት ፀሐይ እስከ አቃቂ ቃሊቲ

የአንድ ሙያ ታሪክ በሁለት መዝገብ ይጻፋል። አንደኛው ሙያው ያፈራቸውን ሰዎችና ያቆማቸውን ተቋማት የሚዘረዝረው የክብር መዝገብ ነው። ሁለተኛው የወር ደመወዝንና የደረጃ እድገትን የያዘው የሒሳብ ክፍል መዝገብ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ነርሶች እስከ ዛሬ የተነገረው በአብዛኛው ከመጀመሪያው መዝገብ የተቀዳ ነው። ሁለተኛው ሲገለጥ ግን፣ በተለይ ሕፃናትን በሚያስታምሙ ነርሶች ረገድ፣ ለብዙ ዓመታት ሳይታረም የቆየ ጉድለት ይታያል። ይኸውም የእድገቱ መሰላል የምስክር ወረቀትንና የቢሮ ኃላፊነትን ሲቆጥር፣ በሕፃን አልጋ አጠገብ በዓመታት የተገኘውን ጥበብ አለመቁጠሩ ነው።

የዚህ ጉድለት ውጤት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአቃቂ ቃሊቲ በጉልህ ይነበባል። ይህ አካባቢ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የባቡር ጣቢያ፣ የፋብሪካ ከተማ፣ የቤት ለቤት ጤና ሥራ መስክና የዘመናዊ ሆስፒታል ሠፈር ለመሆን በቅቷል። በእያንዳንዱም ምዕራፍ ሕፃናትን የሚያስታምሙ ነርሶች ያስፈልጉት ነበር።

በሕፃናት ሆስፒታል የተጀመረ ታሪክ

የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ነርስ ተብለው የሚጠሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ምክንያት ወደ እንግሊዝ አገር በተሰደደ ጊዜ፣ ልዕልቲቱ በለንደን ከተማ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 ሕፃናትን ለይቶ ለማከም የተከፈተ ነው። ልዕልቲቱ በ1931 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው የሕፃናት ነርስ ሆነው ከተመዘገቡ በኋላ፣ የአጠቃላይ ነርስነት ሥልጠናቸውን በዚያው በለንደን በጋይስ ሆስፒታል ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው የነርሶች ምዝገባ ሕግ መሠረት፣ የታመሙ ሕፃናትን የሚያስታምሙ ነርሶች ከአጠቃላዩ መዝገብ ሌላ የራሳቸው መዝገብ ነበራቸው። ሕፃን ትንሽ የሆነ ዐዋቂ አለመሆኑን፣ እሱን ማስታመምም ራሱን የቻለ ዕውቀት መሆኑን ሕጉ ተቀብሎ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ነርስነት ታሪክ የጀመረው ከሕፃናት ነርስነት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ልዕልቲቱ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በሙያቸው ለማገልገል ሲያስቡ፣ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወለጋ፣ በለቀምት ከተማ፣ በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ከወዳጆቻቸው ጋር በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው፣ በአዲስ አበባ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። በሆስፒታሉም የነርሶች ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ሆስፒታሉ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል።

«ሲስተር» የሚለው ስም

በ1940ዎቹ ዓ.ም. የነርስነት ትምህርት በአዲስ አበባ ሥር ያዘ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር፣ በኋላ የካቲት 12 በተባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተመሥርቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። ከነዚህም ጎን፣ በየክሊኒኩ ቁስል በማጠብና መርፌ በመውጋት ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ድሬሰሮችና ጤና ረዳቶች ነበሩ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች የወሰዱት የአጠቃላይ ነርስነትን ሥርዓት ነው። የሕፃናት ሕክምና በጥቂት ወራት የሚያልቅ አንድ የትምህርት ክፍል ሆነ፤ ልዕልት ፀሐይ የተመዘገቡበት ዓይነት የተለየ መዝገብ ግን ለኢትዮጵያውያን ነርሶች አልተከፈተላቸውም። «ሲስተር» የሚለው ማዕረግ የገጠመው ዕጣም ይህንኑ ያስረዳል። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሲስተር የምትባለው በአንድ የሕሙማን ክፍል ላይ የተሾመች ከፍተኛ ነርስ ስትሆን፣ ስሙ ከነሥልጣኑና ከነደመወዙ የሚሰጥ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ከነርስ ትምህርት ቤት የተመረቀች ሴት ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ሲስተር ተባለች። ሕዝቡ ይህን ያደረገው ከአክብሮት ነው። ይሁንና ማዕረጉ የሁሉ ሲሆን የማንም እድገት መለኪያ መሆኑ ቀረ። የትናንት ምሩቅና 20 ዓመት ያገለገለች ነርስ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ በሥራ መደብ መግለጫም ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው።

ከዚህ የተለየ መንገድ ያመለከተ አንድ ተቋም ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በስዊድን መንግሥትና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅት ርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ክሊኒክ፣ ሕፃናትን ከማከሙም በላይ ሠራተኞችን በዚሁ ሙያ ያሠለጥን ነበር። ከጡት ለተላቀቁ ሕፃናት የተዘጋጀውና «ፋፋ» የተባለው ምግብም የተገኘው ከዚህ ክሊኒክ ጋር ከተያያዘው የሥነ ምግብ ሥራ ነው። በዚህ ክሊኒክ የሠራች ነርስ እናትን ማስተማርን፣ የሕፃንን ክብደት በገበታ ላይ መከታተልንና የሰውነት ውኃ ያለቀበትን ሕፃን መለየትን ከሌላው አብልጣ ታውቅ ነበር። ይህ ዕውቀት ግን በደመወዝ መደብ ላይ የራሱ እርከን አልተበጀለትም።

የፋብሪካ ከተማ ሕፃናት

የጅቡቲ አዲስ አበባ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ዋና ከተማው ሲደርስ፣ አቃቂ ከመጨረሻዎቹ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ሐዲዱና ወንዙ ፋብሪካን ሳቡ። የህንድ ባለ ሀብቶች ከኢትዮጵያውያን ጋር በሽርክና ያቋቋሙትና በኋላ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተባለው ድርጅት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በቃሊቲም የብረታ ብረትና የሌሎች ሸቀጦች ፋብሪካዎች ተከተሉ። ከገጠር የመጣው ወጣት ሠራተኛ በጠባብ ክፍል ቤት መሠረተ፤ እናቶችም በፈረቃ ወደ ማሽኑ ገቡ።

የከተማው አቀማመጥም በሕፃናት ጤና ላይ የራሱ ተጽዕኖ ነበረው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርዱት በዚህ በኩል ነው። ከላይ የሚጣለው ቆሻሻ ከታች ባለው ሠፈር ያልፋል። ተቅማጥና የሳምባ ምች የታመመ ሕፃን ከፋብሪካ ሠራተኛ ቤት ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪምን ሳይሆን ነርስን ወይም ጤና ረዳትን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የአልማ አታ ጉባኤ የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅን መርሕ ካወጀና ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1980 የተስፋፋውን የክትባት ፕሮግራም ከጀመረች በኋላ የነርሷ ሥራ ይበልጥ ሰፋ። ሳምባ ነቀርሳን፣ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ፖሊዮንና ኩፍኝን ለመከላከል ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዛ በየቀበሌው መዞር፣ ካርድ መጻፍ፣ የቀረውን ሕፃን ስም ለይቶ ማስጠራት የዕለት ተግባሯ ሆነ።

347 እና 500

በዚያው ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ሁሉም ሰው በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ነበር። የዲፕሎማ ምሩቅ በወር 347 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ 500 ብር ያገኝ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 153 ብር ነው። ነርስነት በዚያን ጊዜ በዲፕሎማ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ስለ ነበረ፣ ነርስ የሆነ ሰው ከዚያ 153 ብር በታች ሆኖ ጀምሮ ብዙውን የሥራ ዘመኑን ከዚያ በታች ሆኖ ያሳልፍ ነበር። ደመወዝም በደርግ ዘመን ሳይንቀሳቀስ ዓመታትን ስላስቆጠረ፣ የአገልግሎት ዘመን መርዘም ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

በይፋዊው ምንዛሬ አንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሣንቲም ስለ ነበር 347 ብር ወደ 167 ዶላር ይጠጋል። እርግጥ ነው ይፋዊው ምንዛሬ የገበያውን እውነት አያሳይም፤ ብዙ ሸቀጥም በራሽን እንጂ በገንዘብ ብቻ አይገኝም ነበር። ቢሆንም ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ የሚበቃ እንደ ነበር የዘመኑ ሠራተኞች ይስማማሉ። የዚያን ጊዜው ዋና ችግር ከመጠኑ ይልቅ የመንገዱ መዘጋት ነው። ነርስ ከፍ ለማለት ቢሻ ሁለት በሮች ብቻ ነበሩት። አንደኛው የክፍል ኃላፊ፣ ከዚያም ማትሮን ሆኖ ወደ አስተዳደር መዛወር ነው። ሁለተኛው ሙያውን ትቶ በሌላ ትምህርት ዲግሪ መያዝ ነው። ሁለቱም በሮች የሚያወጡት ከሕፃኑ አልጋ ርቆ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ትምህርቱ ተስፋፋ። የነርስነት ዲግሪ በዩኒቨርሲቲዎች ተከፈተ፤ የመንግሥትና የግል ኮሌጆች ቁጥራቸው የበዛ ነርሶችን አስመረቁ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ዲግሪው የእድገት ዋና መመዘኛ ሲሆን፣ ነርሷ ቀን በሥራ፣ ማታና ቅዳሜ በትምህርት ተወጥራ ከደመወዟ ለትምህርት ቤት መክፈል ግድ ሆነባት። የተማረችውም ብዙ ጊዜ አጠቃላይ ነርስነትን ስለ ነበር፣ ወረቀቱ የደመወዟን እርከን ሲያሳድግ ስለ ሕፃናት ያላትን ዕውቀት ያሳደገው በጥቂቱ ነው።

ከቤት ወደ ቤት

አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር አቃቂና ቃሊቲ በአንድ ክፍለ ከተማ ስም ተጣመሩ። በዚያው ሰሞን በአገር አቀፍ ደረጃ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በገጠር ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች በየቀበሌው ተሰማሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮግራሙ ወደ ከተሞች ሲገባ ግን የተመረጡት በዲፕሎማ የተመረቁ ክሊኒካል ነርሶች ናቸው። የሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው፣ አንዲት ባለሙያ ለ500 አባወራ ቤት እንድታገለግል ተመደበች።

ለአቃቂ ቃሊቲ ሕፃናት ይህ ታላቅ ጥቅም ነበረው። በፋብሪካና በኮንዶሚኒየም ሠፈር የምትውል እናት ነርሷን በደጇ አገኘች። ክትባት ያቋረጠ፣ ክብደት የቀነሰ፣ የቆየ ሳል ያለበት ሕፃን ሳይባባስ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ተቻለ። በባለሙያዋ በኩል ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ከሕሙማን ክፍል ወጥታ በእግሯ ስትዞር የቆየች ነርስ መርፌና ጠብታ ከእጇ ይርቃሉ። ከዓመታት በኋላ ወደ ሆስፒታል ልመለስ ስትል የምትወዳደረው ከአዲስ ምሩቅ ጋር ነው። የ500 ቤት እናቶችን ከነልጆቻቸው በስም ማወቅ በየትኛውም የእድገት መመዘኛ ነጥብ አያሰጥም።

አራት ጠብታ በደቂቃ

በ2004 ዓ.ም. በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በአቃቂ ቃሊቲ ሥራ ጀመረ። ስሙ አትሌት ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያገኘችውን ድርብ የወርቅ ድል ያስታውሳል። ለደቡባዊው የከተማው ክፍል ሪፈራል ፍለጋ ወደ መሀል ከተማ መሄድን ያቀለለ ተቋም ነው።

ይህ ሆስፒታል የተከፈተበት ጊዜ በሕፃናት ሞት ታሪክ ውስጥ የተለየ ጊዜ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ይህን ውጤት ካስገኙት መካከል ክትባቱና የቤት ለቤት ሥራው ግንባር ቀደም ናቸው። ነገር ግን በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በሁለቱ ጥናቶች መካከል የቀነሱት ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በመጀመሪያው ጥናት ከ100 የሕፃናት ሞት 30 ያህሉ የጨቅላዎች ሲሆን፣ በሁለተኛው 43 ደርሷል። በክትባት ሊድን የሚችለው ሲድን፣ የቀረው በአልጋ አጠገብ በሚደረግ ጥንቃቄ ብቻ የሚድነው ሆነ።

ጥንቃቄው ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ያለ ጊዜው ተወልዶ ክብደቱ 1,200 ግራም የሆነ ጨቅላ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 80 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቢታዘዝለት፣ የሚያስፈልገው በ24 ሰዓት 96 ሚሊ ሊትር፣ በሰዓትም 4 ሚሊ ሊትር ነው። 60 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚሆንበት የሕፃናት ማንጠባጠቢያ ይህ በደቂቃ 4 ጠብታ ይሆናል። የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ በሌለበት ክፍል ጠብታውን የምትቆጥረው ነርሷ ናት። እጥፍ ቢፈስ ሳምባውን ያጥለቀልቃል፤ ቢቆም ስኳሩ ይወርዳል። ከዚህም ጋር ሙቀቱን መጠበቅ፣ የእናቱን ወተት በቀጭን ቱቦ በየሦስት ሰዓቱ መስጠት፣ ትንፋሹ ሲቋረጥ ፈጥኖ መቀስቀስ፣ ፀጉር ከምታህል ደም ሥር መርፌ ማስገባት አለ። ይህን ከመጽሐፍ መማር ይቻላል፤ እጅን ማስለመድ ግን ዓመታት ይጠይቃል።

በሆስፒታሎች አሠራር ውስጥ ለዚህ እጅ ጠላት የሆነው ዝውውር ነው። ነርሶችን በየተወሰነ ጊዜ ከክፍል ወደ ክፍል ማዘዋወር የተለመደ ነው። ልማዱ የተጀመረው ድካሙንም ጥቅሙንም ለሁሉም ለማካፈል ነው። ሁሉም ነርስ በአንድ እርከን ላይ እስካለ ድረስ ይህ ፍትሐዊ ይመስላል። ጨቅላውን ማዳን የቻለችው እጅ ግን በዓመቱ በዐዋቂዎች የቀዶ ጥገና ክፍል ትገኛለች፤ በእሷ ቦታም የመጣችው ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በሕፃናትና በጨቅላ ሕፃናት ነርስነት የተለየ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች መከፈቱ በአዲስ መልክ የተጀመረ ተስፋ ነው። ተስፋው ፍሬ የሚያፈራው ምሩቁ በተማረበት ክፍል ሲቆይና ለመቆየቱም ሲከፈለው ነው።

ከግንቦት 2017 በኋላ

የኑሮ ውድነት የቆየውን ጉድለት ወደ አደባባይ አወጣው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በብዙ ከተሞች የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ፣ የተረኝነት ክፍያና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው በከፊል ሥራ አቆሙ። መንግሥት እርምጃውን ሕገ ወጥ ብሎ በርካታ ባለሙያዎችን አሰረ። በነሐሴ ወር አዲስ የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ታወጀ፤ የዲግሪ ምሩቅ መነሻም ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተወሰነ።

ጭማሪው በመቶኛ ሲታይ ትልቅ ነው። በወቅቱ ምንዛሬ ሲሰላ ግን 11,500 ብር ከ85 ዶላር አይበልጥም። በ347 ብር ዘመን የነበረች የዲፕሎማ ነርስ በይፋዊው ምንዛሬ የምታገኘው የዚህ እጥፍ ያህል ነበር። ስለዚህ የዛሬዋ ነርስ በሁለት በኩል ተጠቅታለች፤ መሰላሉ እንደ ቀድሞው አጭር ነው፣ እግሯ የቆመበት መሬትም ዝቅ ብሏል። ብዙዎች በተረኝነት ላይ የግል ክሊኒክ ሥራ ይደርባሉ፤ ሌሎችም ወደ ዐረብ አገሮችና ወደ ምዕራብ ለመሄድ ፈቃዳቸውን ያስተረጉማሉ። በሌሎች አገሮች የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ልምድ በተለየ ደመወዝ የሚፈለግ ስለ ሆነ፣ ቀድማ የምትወሰደው ይህን እጅ ያካበተችው ናት።

የጎደለው እርከን

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት የደመወዝ ጭማሪ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ጭማሪ ሁሉንም እኩል ከፍ ሲያደርግ በሕፃኑ አልጋ አጠገብ መቆየትን ከመሄድ የተሻለ አያደርገውም። የሚያስፈልገው ነርስ ኃላፊ ሳይሆን፣ ቢሮም ሳይገባ የሚወጣበት የራሱ እርከን ነው። ይህም ሲባል በሕፃናት ወይም በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተፈተነ ችሎታ በሥራ መደብ መግለጫ ስም ተሰጥቶት፣ ከአገልግሎት ዘመን ጋር እየጨመረ የሚሄድ ክፍያ እንዲኖረው ማድረግ ማለት ነው። በዚህ እርከን ላይ ያለች ነርስ ያለ ፈቃዷ ከክፍሏ እንዳትዛወርና አዲስ ምሩቆችን ማስተማሯ እንደ ሥራ እንዲቆጠርላት ይገባል። በየቤቱ ያገለገለችውም ያካበተችው ልምድ ተመዝኖ ወደዚህ እርከን የምትገባበት በር ሊከፈትላት ያስፈልጋል።

ልዕልት ፀሐይ በ1931 ዓ.ም. በለንደን ሲመዘገቡ ለሕፃናት ነርስ የተለየ መዝገብ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ በሌሊት ተረኝነት አራት ጠብታ በደቂቃ የምትቆጥረው ነርስ በሒሳብ ክፍሉ መዝገብ የምትገኘው «ነርስ» በሚለው የጋራ መደብ ውስጥ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ለመጨመር ሆስፒታል መሥራት ወይም የውጭ ርዳታ መጠበቅ አያሻም። የጤና ሚኒስቴር፣ የሲቪል ሰርቪሱ መሥሪያ ቤትና የነርሶች ማኅበር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሊጽፉት የሚችሉት መስመር ነው።